አሞሃል እንዴ ልጄ?

የነሐሴ ዝናብ ለጥቂት ደቂቃ ፋታ ሰጥቶን ነበር። ልጄን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜያለሁ። ነጠላዬ ርሷል። ጫማዬን ደጅ አውልቄ እግሬ በረጠበ ካልሲ ደንዝዟል። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ ፍልሰታ መሆኑን አያውቅም። ከፊቴ ሃያ የሚሆኑ ሕፃናትና እናቶች አሉ፤ ከኋላዬ አምስት ስድስት ባልቴቶች። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ጢም ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አያቷ «ፍልሰታ አይደል፣ ትችላለች» ብላ ፈርዳባታለች። እሷ ግን እንደማትችል ላገኘችው ሁሉ ስትናገር ነው የዋለችው። ቅዳሴው ሲገባ ጆሮዬ ስር «ዳቦ» አለች። ወንጌል ሲነበብ «ዳቦ» አለች። ዲያቆኑ «ጸልዩ» ባለ ቁጥር እሷ «ዳቦ» ትላለች። በመጨረሻ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ተራችን ሲደርስ ነቃች። ካህኑ ጎንበስ አሉ። ማንም ምንም ሳይላት አፏን ከፈተች፣ ልክ እንደ ወፍ ጫጩት። ሥጋውን ተቀበለች። ዲያቆኑ በእርፈ መስቀል፣ በቁርባኑ ማንኪያ፣ ደሙን አቀበላት። አፏን በነጠላ ጫፍ ልሸፍንላት ስል እጄን ገፋችና፣ ሁሉም እየሰማ «ድገሙኝ!» አለች።

ካህኑ አልሳቁም። «ነገም ትመጫለሽ» አሏት በቀስታ። እኔም ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ። ዕቃ አድርሶ እንደሚመለስ ተሸካሚ።

ይኼኔ ከኋላዬ የነበሩት እማሆይ ክንዴን ያዙኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ናቸው። ቆባቸው በዝናብ ከብዶ ግንባራቸው ላይ ወርዷል። ቀና ብለው አዩኝ።

«አሞሃል እንዴ ልጄ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ እማሆይ።»

«ታዲያ?» አሉኝ። መልስ አልጠበቁም፤ ተራቸው ደርሶ ነበር።

ማታ የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ልጄ ድንች ቅቅሏን በልታ ተኝታለች። እኔ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። መጀመሪያ «አርጅተዋል፣ ነገሩ ተምታቶባቸው ነው» ብዬ ለማለፍ ሞክሬ ነበር። ግን ምኑ ነው የተምታታው? እኛ አገር ማዕድ ቀርቦ አንድ ሰው እጁን ካልዘረጋ የሚጠየቀው ይኸው ነው። «ጠግበሃል?» አይባልም፣ ማን ይጠግባል። «ተቀይመሃል?» ማለት ነውር ነው። «አሞሃል?» ነው የሚባለው።

ከሰልፉ የወጣሁበት ቀን

እንደ ማንኛውም የአካባቢያችን ወንድ ልጅ በ40 ቀኔ ተጠምቄ ቆርቤያለሁ። እህቶቼ በ80 ቀናቸው። ከዚያ በኋላ ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ከሰፈሩ ልጆች ጋር ውድድር ነበር። ስንት ቀን ጾምክ? ስንቴ ቆረብክ? ቆርበን ስንመለስ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ እንዳንተፋ ተጠንቅቀን፣ ሳናወራ ቤት መድረስ ነበረብን። አንዱ ጓደኛችን ዝንብ አፉ ውስጥ ገብታበት፣ «ትፍ» ማለት ስለማይቻል ዋጣት። ለብዙ ዓመት ጻድቁ እያልን ጠርተነዋል።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ድምፄ ጎረነነ። ከንፈሬ ላይ እንደ ጥላሸት ያለ ነገር ብቅ አለ። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ከቅጥሩ ዳር የተቀመጡ ጎረምሶች «ጢምህን ተላጭተህ ነው ከሕፃናት የምትሰለፈው?» ብለው ሳቁብኝ። በማግስቱ ሰልፉ ውስጥ አልነበርኩም። በዓመቱ ወይራው ሥር ሆኜ አስቀደስኩ። ከተማ ስገባ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ፣ የመኪና ጥሩምባ እየሰማሁ።

ማንም አላባረረኝም። ካህን አልከለከለኝም። የሚወራለት ኃጢአትም አልሠራሁም ነበር። አፈርኩ፣ በቃ። ኃጢአቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ ለእፍረቴ ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ። «እኔ ምን ሆኜ እቆርባለሁ፣ የማልበቃ ሰው» ማለት ጀመርኩ። «ሳቁብኝና ሸሸሁ» ከማለት ይሻላል፤ ትሕትና ይመስላል። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ይህ ነው።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። እስቲ የትኛውም ደብር ሄዳችሁ የሚቆርቡትን እዩ። ፊት ፊት ሕፃናት፣ ኋላ አረጋውያን። መሀል ላይ የአርባ ዓመት ገደል። እዚያ ገደል ውስጥ ያለነው ደግሞ ከሃዲዎች አይደለንም። ግቢው ውስጥ ነን፤ ጃንጥላ ይዘን ቆመናል። እናስቀድሳለን፣ እንጾማለን፣ መባ እንሰጣለን። «ልጆቼን ላድርስና፣ ትንሽ ነገር ላስተካክልና እቆርባለሁ» እንላለን። ቁርባንን እንደ ጡረታ ነው የምናስበው። ዕድሜው ሲደርስ ፎርሙን ሞልተን የምንወጣበት።

በዚህ መሀል እኔ «አደግኩ»። ስብከት በስልኬ ሰማሁ፤ ታክሲ ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ ዕቃ ሳጥብ። ትርጓሜ አነበብኩ። ስለ ሥጋ ወደሙ አማናዊነት (እውነተኛ የክርስቶስ ሥጋና ደም ስለመሆኑ) ክርክር ከተነሣ ጥቅስ ለመደርደር ማንም አይቀድመኝም። ለመቀበል ግን ሁሉም ይቀድሙኛል፤ የአራት ዓመት ልጄ ሳትቀር።

ያን ሌሊት ራሴን ለመከላከል የያዝኩት የካህኑን አዋጅ ነበር። ንጹሕ የሆነ ይቀበል፣ ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል፣ በመለኮት እሳት እንዳይቃጠል የሚለውን። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን እዚያው ቅዳሴ ውስጥ ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲሉ እኛ ምን ብለን ነው የምንመልሰው? «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ።» ስንት ጊዜ በዜማ ጮኼዋለሁ! ቅዱስ ነገር ለቅዱሳን ነው ሲባል ሕዝቡ «እነሆ እኛ» አይልም። ቅዱስ አንድ ነው ብሎ ወደ ሥላሴ ይጠቁማል። ከዚያ በኋላ ነው ሰልፉ የሚጀምረው።

ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 11 ላይ ሰው ራሱን ይመርምር ይላል፤ ከዚያ ይብላ። እኔ «ይመርምር» የሚለው ላይ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ምርመራው አላልቅ አለ።

ቁንጥጫ

ጎጃም እንግዳ ሆናችሁ ገብታችሁ ካወቃችሁ ሥርዓቱ ግልጽ ነው። መጀመሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላላችሁ። ባለቤቷ «አፈር ስሆን!» ትላለች። «እውነቴን ነው፣ አሁን ከቤት…» ስትሉ «በሞቴ!» ይመጣል። ሦስተኛው ላይ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። እስከዚያ ድረስ አንጀታችሁ ቢጮህም እያሳላችሁ ድምፁን ሸፍናችሁ ነው።

ይህን የሚያበላሸው ልጅ ነው። እኔ አበላሽቼዋለሁ። ስድስት ዓመት ገደማ ሆኜ ከእናቴ ጋር ዘመድ ጥየቃ ሄድን። እናቴ «በልተን ነው የመጣነው» ስትል እኔ «መቼ?» አልኩ። በነጠላዋ ሥር እጇ መጥቶ ጭኔን ቆነጠጠኝ። እስከ ዛሬ ቦታውን አውቀዋለሁ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የተማርኩት በዚያች ቁንጥጫ ነው። አልከፋም፤ ይሉኝታ ከሌለ ጎረቤትም የለም። ግን ልጅ ሲቆነጠጥ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ረሃብ የሚደበቅ ነገር መሆኑንም ይማራል።

እግዜርንም ይሉኝታ ይዞኝ ነበር ማለት ነው። በልቼ ነው የመጣሁት እያልኩት።

እዚህ ላይ ስለ ሕፃናት የዋህነት እንድጽፍ የሚጠብቅ ይኖራል። አልጽፍም። የኔዋን አውቃታለሁ። በዚያው ዕለት ጠዋት የአጎቷን ልጅ ክንዱን ነክሳ ጥርሷን አትማበታለች። ስኳር ትሰርቃለች። «ማን ነው?» ስትባል ድመቷን ትጠቁማለች። ጌታ በማቴዎስ 18 ላይ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው ሲያቆም ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት «ማን ይበልጣል?» ብለው ነበር። የዚያን ልጅ ጠባይ ወንጌሉ አይነግረንም። ምናልባት እሱም ከመጠራቱ በፊት አንዱን ነክሶ ይሆናል። የተጠራው ግን መጣ። ማን እንደሚበልጥ ሳያሰላ መጣ፤ ቁምበት በተባለው ቦታ ቆመ።

ልጄ ያን ቀን ያወቀችው ሁለት ነገር ነው። ርቧታል፤ ምግቡም ካህኑ እጅ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ነገረ መለኮት የላትም።

የተማረ ሰው አይርበውም ያለህ ማነው

ይህን ሳስብ የመጣብኝ ሌላ ሰው ነው። ልጅ ሳለን አያቴ ቤት በር ላይ እየመጣ የሚቆም አንድ የቆሎ ተማሪ ነበር። ተማሪ ሲባል ልጅ አይምሰላችሁ፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ሰውዬ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አፉን ይከፍታል። ይህ ሰውዬም ከቤት ቤት ሲዘዋወር ዓመታት የቆጠረ ነው። ከቅኔ ዓይነቶች ከ2 ቤቷ (ስንኟ) ጉባኤ ቃና ተነሥቶ 8 ቤት ያለው መወድስ ላይ ደርሷል፤ ሌሎችን ያስነግራል።

አንድ እሑድ ደብራችን ላይ መወድስ አቀረበ። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። ግን ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ሲሉ፣ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሲመቱ አይቻለሁ። አባቴ «ይሄ ሰው ገና ትልቅ ይሆናል» አለ።

ሰኞ እኩለ ቀን ውሻችን ጮኸ። ወጣሁ። ያው ሰውዬ ነው። ለምዱ በዝናብ ርሶ የበግ ጠረኑ እኔ ጋ ይደርሳል። አኩፋዳውን አንግቷል። በአንድ እጁ ዱላ ይዞ ውሻውን ይከላከላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ልክ አጠገቡ እንደቆመው የስምንት ዓመት ፊደል ቆጣሪ። በአንድ ዜማ፣ በአንድ በር።

ግራ ገባኝ። አያቴን «ይሄ ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ? ትናንት ያጨበጨቡለት? ለምን ይለምናል?» አልኳት። እንጀራውን እየቆረሰች ነበር። ቀና ሳትል «የተማረ ሰው አይርበውም ያለህ ማነው?» አለችኝ። ሁለት ቁራሽ ሰጠችኝና ላከችኝ፤ አንዱን ለሰውዬው፣ አንዱን ለልጁ። እኩል ነበሩ። ለክቼያቸዋለሁ።

ቅኔ አይደገምም። የእሑዱ ለሚቀጥለው እሑድ አያገለግልም፤ እንደገና ባዶ እጅ ተቀምጦ አዲስ መቁጠር፣ መድረስ ነው። እንጀራም እንደዚያው። ያ ሰውዬ በሳል ነበር ካልን፣ ብስለቱ ያለው መወድሱ ላይ ይሁን በራችን ላይ አሁንም አልቆረጥኩም። ወደ በሩ አደላለሁ። ያንን የመሰለ ጭንቅላት ይዞ ውሻ እየተከላከሉ መለመን ቀላል አይደለም።

ሬት

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ደግሞ ራሴን ልቃወም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ እምነትም እንደዚያ ነው። ጳውሎስ ልጅ ሳለሁ እንደ ልጅ አስብ ነበር፣ ጎልማሳ ከሆንኩ ግን ያንን ትቻለሁ ይላል። እንደ ሕፃናት ሁኑ ብሎ ነገሩን መዝጋት አይቻልም። ሊተው የሚገባው ነገር አለ።

እኔ ምን እንደነበረኝ ልንገራችሁ። ስለት። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካለፍኩ ለማርያም ጃንጥላ። አለፍኩ፤ ጃንጥላውን እናቴ ገዛች። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጧፍ። ሥራ ካገኘሁ ምንጣፍ። ስለት አይነቀፍም፤ በስለት የቆመ ስንት ደብር አለ። የኔ ግን ንግድ ነበር። ካልተሳካ እቀየማለሁ፤ ለወር ያህል ቤተ ክርስቲያን አልደርስም። ትልቅ ሰው ሆኜም፣ ደመወዝ ለማስጨመር ስጸልይ ራሴን ይዤዋለሁ፤ በልቤ ዋጋ እየተደራደርኩ። እንግዲህ ተመልከቱ። ልጅነቱ አልቀረልኝም። ኩርፊያው አለ፣ ንግዱ አለ። የቀረው አፍ መክፈቱ ነው።

መዝሙረ ዳዊት 130 ላይ (በእኛ አቆጣጠር) ነፍሱን ጡት ከጣለ ሕፃን ጋር የሚያመሳስልበት ቦታ አለ። አባቴ ዳዊት ደጋሚ ስለነበር ዓርብ ዓርብ ሲያነበው እሰማ ነበር። አጭር ስለሆነ ልጅ ሆኜ እወደው ነበር፤ ቶሎ ያልቃል። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ባለቤቴ ልጃችንን ጡት ስታስጥላት ነው።

ሬት ቀባች። ልጅቷ መጣች፣ ቀመሰች፣ ፊቷ ተኮማተረ። እናቷን እንደ ከዳተኛ አየቻት። ሦስት ሌሊት ቤቱን አናወጠችው። እኔ ልሸከማት ስሞክር ደረቴን በቡጢ ትመታለች። አራተኛው ቀን ማታ ባለቤቴ መከዳው ላይ ተደግፋ ሳለ ልጅቷ በዳዴ መጣች። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ወጣች፣ ጭንቅላቷን እናቷ ደረት ላይ አደረገች፤ ሬቱ ካለበት አጠገብ። አልፈለገችም። አልጠባችም። አላለቀሰችም። እዚያው ተኛች።

ልጅ ናት አሁንም። ግን በሦስት ቀን ውስጥ የሆነ ነገር አድጋለች። ትናንት የመጣችው ለወተቱ ነበር፤ ዛሬ ለእናቷ ነው የመጣችው። ሬት የቀመሰ ሰው ወይ እንደኔ አኩርፎ አጥር ውጭ ይቆማል፣ ወይ እንደሷ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ሥራዬ መና ስለቀረብኝ፣ አባቴ ስለ ሞተብኝ፣ ሌላም ሌላም ብዙ ሬት ቀምሼያለሁ። መለስ ብሎ ደረቱ ላይ መተኛት የሚባለውን ነገር ግን አልሞከርኩትም ነበር።

ባለቤቴ

አዲስ አበባ ስመለስ ለባለቤቴ ነገርኳት። እማሆይ ያሉኝን፣ «ድገሙኝ»ን፣ ሁሉንም። ቡና እያፈላች ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝ። ጎጆ ስንወጣ በሰማንያ፣ ያለ ቁርባን በውል ነው የተጋባነው፤ ስለዚህ መቁረብ ካለብን ሁለታችንም አብረን ነው። እኔም ሰበብ ስፈልግ «እሷ ዝግጁ አይደለችም» ስል ኖሬያለሁ። ጠይቄያት ግን አላውቅም።

«እኔ እኮ አንተን ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አለችኝ።

ሰባት ዓመት። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን «አንተ ቅደም»፣ «አንቺ ቅደሚ» ስንባባል።

የንስሐ አባታችን ጋ ሄድን። እኔ የምናገረውን በወረቀት ጽፌ፣ በርዕስ ከፋፍዬ ነበር የሄድኩት። ወረቀቱን ሳያዩ «መጨረሻ የቆረብከው መቼ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩና በረጅሙ ተነፈሱ። ቀኖና ሰጡን። ጾም፣ ስግደት፣ ከተጣላነው አንድ ዘመድ ጋር መታረቅ። ስግደቱ ጉልበቴን ገደለኝ። ዘመዱ ግን ይባስ። ሦስት ጊዜ ደውዬለት አላነሣም።

ቀኑ ገና አልደረሰም። አንዳንድ ማታ ያው የድሮው ሐሳብ ይመጣል፤ ትንሽ ላስተካክልና፣ ዘመዱ ሲያነሣልኝ፣ ከዓመት በዓሉ በኋላ። አንድ ማታ እንዲያውም ለባለቤቴ «ለጥር ብናደርገውስ?» ብያት ልጃችን ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ «ምኑን?» አለች። መልስ አጣሁ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ስለ እህሉ አወራችኝ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ አንዷ ላም። ልትዘጋ ስትል፣

«ውይ ረስቼው፣ እማሆይ ስላንተ ጠየቁኝ» አለች።

«ምን አሉ?»

«'ያ ልጅ ተሻለው ወይ?' አሉኝ። ምን ሆነህ ነበር? ለኔ ሳትነግረኝ?»

«ምንም አልሆንኩም እናቴ። ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ፣ አላውቅም። 'እየተሻለው ነው' አልኳቸዋ።»